የአያቴ ፎቶ፣ የስልክ መተግበሪያና የኦክላንድ አቪዬሽን ሙዚየም

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ያልታወቀ አሮጌ የአውሮፕላን ፎቶ እጃችሁ ላይ ካለ ፎቶ ለሚለይ መተግበሪያ ከመክፈላችሁ በፊት ሙዚየሙን ሞክሩት።

የኔው ፎቶ አያቴ ካርቱም፣ አባይ ዳር፣ ጋቢ ለብሶ የተነሳው ነው። ከኋላው ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ባለ አራት ሞተር ግዙፍ አውሮፕላን ይታያል። እናቴ «ተሳፍሮበታል» ብላ ትምላለች፤ እኔ እንኳ ለፎቶ ብቻ የቆመ ነው የሚመስለኝ። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ካርቱም 1941» ይላል።

መተግበሪያው (ስሙ ይቅር) በየወሩ ገንዘብ እየቆረጠ «የጦርነት ጊዜ ካታሊና» አለኝ። ካታሊና የሚባለው የውሃ አውሮፕላን እኮ ባለ ሁለት ሞተር ነው! አራት መቁጠር ያቃተው 1941ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ቢወስደው ምን ይገርማል? የኛ 1941 በነሱ ከ1948 እስከ 1949 ነው።

ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ሾርት ሶለንት 3 የሚባል አንድ የእንግሊዝ በራሪ ጀልባ (ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን) ቆሟል። አስጎብኚው ሽማግሌ ፎቶውን በማጉያ መነጽር ካዩ በኋላ ሞተሩን ትተው ወደ ጭራው ነው የጠቆሙኝ። ከአውሮፕላኑ ጀርባ ቀስ እያለ ከፍ ብሎ ከቋሚው ጭራ ጋር የሚገጥም ቅጥያ አለው። ግቢው ውስጥ ያለውም እንደዚያው። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ በካርቱም በኩል ይበሩ የነበሩት፣ ኢምፓየር የሚባሉት የቀድሞ በራሪ ጀልባዎች ግን ይህ የላቸውም። ቀጥሎ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ፦ ጂ-ኤኤችአይ፤ የመጨረሻውን ፊደል የጀልባ ሸራ ሸፍኖታል። ጂ የእንግሊዝ ምዝገባ ነው። ሲደመር፣ የእንግሊዙ አየር መንገድ ቢኦኤሲ ከነበሩት፣ ምዝገባቸው በጂ-ኤኤችአይ ከሚጀምረው 12 ሶለንት 2ዎች አንዱ ነው ማለት ነው። በፈረንጆቹ ከ1948 እስከ 1950 ከሳውዝሃምፕተን ጆሃንስበርግ የሚመላለሱት በካርቱም በኩል ነበርና የእርሳሱ ጽሑፍ ልክ ነው።

የሙዚየሙ ሶለንት ውስጡ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። እናቴ የጉልበቷን ሕመም ረስታ ወጣችና መስኮት ዳር ያለ ወንበር መርጣ «እዚህ ጋ ነው የተቀመጠው» አለች። ማን ይከራከራታል!

ውስጡን ማየት የምትፈልጉ የሚከፈትበትን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። ደግሞ ዋናውን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልኬ ላይ ባለው ቅጂ ፊደሎቹ ጭራሽ አይነበቡም ነበር።