ጠመንጃ ለመምረጥ ላሰባችሁ፦ አሠልጣኜን ላመስግን፣ ልጠቁማችሁም

ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም። ምስጋናዬ ግን በአደባባይ ይሁን። ለአደንም ለቤት ጥበቃም የሚሆን መሣሪያ ለመምረጥ ስነሳ ያማከሩኝና ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው።

አብዛኛው ሰው ወሬው ስለ ጥይት መጠንና ስለ ጠመንጃው ስም ነው። እሳቸው ግን ስለ እኔ ነበር የጠየቁኝ፦ በየትኛው ትከሻዬ እንደምተኩስ፣ ሳነጣጥር የትኛው ዓይኔ እንደሚያይል፣ ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ጣቴ ሳይጨነቅ ቃታው ጋ ይደርስ እንደሆነ። ከዚያ ባዶ ጠመንጃዎችንና ባሩድ የሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶችን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። ተኩስ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ማጉረስና ባዶ ማድረግ ተማርኩ። ለዚህ ትዕግሥታቸው ነው ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው።

ለአደን የሚያደሉት መቀርቀሪያው በእጅ ተስቦ ወደሚቀባበለው ነው። እ.ኤ.አ. የ1898ቱን የጀርመን ጠመንጃ፣ የማውዘርን አሠራር ያስረዱበት መንገድ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፦ መቀርቀሪያው ላይ ያለው ሰፊ ጥፍር ጥይቱን ከካዝናው ሲወጣ ጀምሮ ግርጌውን ይይዘዋል፣ ቀለሁ እስኪወረወርም አይለቅም። ስለዚህ እጅህ መሃል ላይ አመንትቶ ወደኋላ ቢመለስ ጥይቱ አብሮ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ጥይት ከኋላው ገብቶ አይጨናነቅም። ልምምዱ ደግሞ ሰደፉን ከትከሻ ሳያነሱ፣ ዓይንን ከኢላማው ሳይነቅሉ ማቀባበል ነው። ይህን ያልለመደ አዳኝ የቆሰለ አውሬ ያመልጠዋል፤ እንስሳውም ይሠቃያል።

ከእጀታው ሥር ባለ ማንሻ የሚቀባበለውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። ብዙዎቹ ጥይት የሚይዙት ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ነው፤ የአንዱ ጫፍ ከፊቱ ባለው ጥይት መለኮሻ ላይ ያርፋል። ጫፉ ሹልና ጠንካራ ከሆነ በግፊቱ ሊያፈነዳው ስለሚችል ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው ጥይት ይመረጣል።

ለቤት ጥበቃ ፓምፕ ሾትጋን መረጥኩ፤ ይህ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን መሳቢያ በእጅ ወደኋላና ወደፊት እየሳቡ የሚያቀባብሉት፣ ብዙ ፍንጣሪ የሚተፋ ጠመንጃ ነው። አስተማማኝ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ግን የሰው ድንጋጤ ያበላሸዋል። ሰው ሲደናገጥ መሳቢያውን እስከ መጨረሻው አይስበውም፣ ቀለሁም ሳይወጣ ይቀራል ወይም አዲሱ ጥይት አይገባም። እሳቸው ከጎኔ ቆመው፣ ሳልጠብቅ በድምፅ እያጣደፉ፣ እጄ ሙሉ ለሙሉ መሳብን ራሱ እስኪያውቅ አሠሩኝ። የጠመንጃ ጥይት የክፍል ግድግዳን አልፎ እንደሚሄድና ሾትጋንም ቢሆን ከኢላማው ጀርባ ማን እንዳለ ሳያውቁ እንደማይተኮስ ደጋግመው ነገሩኝ።

በተኩሱ ጋዝ ወይም በጠመንጃው የወደኋላ ግፊት ራሳቸውን ከሚያጎርሱት ከፊል አውቶማቲኮች መካከል ለትከሻ የሚቀለው በአብዛኛው በጋዝ የሚሠራው ነው፣ ጽዳት ግን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን በጭራሽ አያልፉም፦ መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፣ ከዚያ መቀርቀሪያው ይሳባል፣ ከዚያ በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። ካዝናው ሳይነቀል መቀርቀሪያው ቢሳብ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ይጎርሳል፤ ባለቤቱ ባዶ ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። ታጥፎ የሚከፈተው ባለ ሁለት አፈሙዝ በዚህ በኩል ይበልጣል፣ ከፈት አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ለጀማሪና ለአረጋዊ የሚመክሩትም እሱን ነው።

ለማን እጠቁማለሁ? ፈቃዱን በሕጉ መሠረት ለያዘ ወይም ሊያወጣ ለተዘጋጀ፣ ቤቱ ቁልፍ ያለው ማስቀመጫ ላለው፣ በተለይ ልጆች ላሉት። ግራኝ ለሆናችሁም ጊዜ ሰጥተው መቀርቀሪያው በግራ የሚሳበውን ያስሞክሯችኋል። ለመተኮስ ብቻ ለቸኮለ ግን አይሆኑም፤ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ያለ አንድም ተኩስ ነው የሚያልቀው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።