ተገጣጣሚ ግሪንሃውስ ለጅማ ጓሮ፦ ክረምቱንም በጋውንም ካየ በኋላ

ግሪንሃውሱ፣ ማለትም ተክል የሚለማበት የላስቲክ ቤት፣ 3 በ6 ሜትር ነው፤ አምስት ቅስት ባለ አንድ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ፣ በየ1.5 ሜትሩ የተተከለ፣ ላዩ 200 ማይክሮን ዩቪ (የፀሐይ ጨረር እንዲቋቋም የተሠራ) ላስቲክ። ጅማ ላይ ይህን ሙቀት ፍለጋ የሚገዛ ገንዘቡን ያባክናል። ሙቀቱ ሞልቶናል፤ የሚገዛው ከዝናብ ለመጠለል ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ስለማያባራ ሜዳ ላይ ያለ ቲማቲም ቅጠሉ እንደራሰ አድሮ ምች በሚባለው የቅጠል በሽታ ይቃጠላል። ላስቲክ ስር ያለው ግን ሐምሌንም ያልፋል፤ ጎንና ጎኑ ክፍት ከተተወ ብቻ።

ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ጎኑ እስከ መሬት ተዘግቶ ካደረ ላብ ላስቲኩ ላይ ይቋጠርና ንጋት ላይ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ምቹም ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ከታች አንድ ሜትር ያህል ተጠቅልሎ የሚወጣ ጎን ያስፈልጋል፤ ክረምትም ቢሆን ነፋስ ካልበረታ አይወርድም። በጋ ላይ ቀትር ተዘግቶ ከዋለ ደግሞ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፍና አበባው ይረግፋል። ነፋስ ካልገባም የአበባው ብናኝ በደንብ አይራገፍም፤ ረፋድ ላይ ተክሉ የታሰረበትን ገመድ መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ውጭ እየዘነበ ውስጥ ተክል ይጠወልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ውሃው አንዴ እየበዛ አንዴ እየተቋረጠ ሲሄድ የፍሬው ታች ጠቁሮ ይበሰብሳል። ውሃው ግን ጣሪያው ላይ ነው፦ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ18 ካሬ ላይ 180 ሊትር ነው፤ በሁለቱም በኩል አሸንዳ ከተሠራለት አንድ በርሜል ሊሞላ ምንም አይቀረው።

አሸንዳ ከሌለ ያው ውሃ ጎረቤት አጥር ስር ይወርዳል፣ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። ከአጥር ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ ለጥገናም ይበጃል። ፈቃድን በተመለከተ፣ «ላስቲክ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» የሚለው አያዋጣም። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃ ሲል ቋሚውንም ጊዜያዊውንም ግንባታ ይጨምር ነበር። ከመትከል በፊት የይዞታ ካርታውንና ልኬቱ ያለበትን ንድፍ ይዞ የከተማውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይሻላል። የኪራይ ግቢ ከሆነ መጀመሪያ አከራዩ ይስማማ። ቱቦውን 60 ሴንቲ ሜትር መቅበር በቂ ሆኖ ሳለ ኮንክሪት ማፍሰስ «ጊዜያዊ ነው» የሚለውን ክርክር ያዳክማል።

ላስቲኩ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ቱቦው ላይ ባረፈበት መስመር ነው፤ ፀሐይ ያጋለው ብረት ያደርቀዋል። ከመወጠሩ በፊት ቱቦውን ነጭ ቀለም መቀባት ወይም በጨርቅ መጠቅለል ዕድሜውን ያራዝማል። የድኝ መድኃኒት መርጨት ደግሞ የላስቲኩን የዩቪ መከላከያ ይበላል። ውጥረቱ ከላላ ውሃ ይቋጥርና ሆዱ ይወርዳል፤ ያኔ በመጥረጊያ ዱላ ከውስጥ ገፋ አድርጎ ማፍሰስ እንጂ መብሳት አይገባም። በቱቦ ፋንታ ባሕር ዛፍ ለሚተክል ምስጡ ጊዜ አይሰጥም፤ የሚቀበረውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ጥቂት ያቆየዋል።

ሻጩ «ዩቪ ነው» ቢልም ጥቅሉ ላይ ዩቪነቱና ውፍረቱ መጻፉን አይተው ይግዙ። ተራው የግንባታ ላስቲክ አንድ በጋ ሲመታው ይፈረካከሳል፤ ርካሽነቱም እዚያው ያበቃል።