ቶርቲያ፦ የማድሪዱ ወይስ የሜክሲኮው?

ስፓኒሽ የሚማር ሰው ቶርቲያ የሚለውን ቃል ገና በመጀመሪያው ያገኘዋል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አገሩ ይወስነዋል።

ማድሪድ ውስጥ ቶርቲያ ካዘዙ የሚመጣው እንቁላል ነው። በስሱ የተከተፈ ድንች በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ከተመታ እንቁላል ጋር ተደባልቆ ወፈር ተደርጎ ይጠበሳል። ሽንኩርት ይግባ አይግባ በሚለው እስፔኖች ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ይግባ ባይ ነኝ። ድንች የሌለበት ተራ ኦምሌት ደግሞ «ቶርቲያ ፍራንሴሳ» ይባላል።

ሜክሲኮ ውስጥ ግን ቶርቲያ ስስ ቂጣ ነው። አሠራሩ በጣም ይገርመኛል። በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያድራል፤ ታጥቦ ይፈጫል። ኖራው ገለፈቱን ያላቅቃል፤ በእህሉ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ቫይታሚን ቢ3ም ለሰውነት እንዲመች ያደርገዋል። የአገሩ ሰዎች ይህን ዘዴ ስፔናዊው ወራሪ ኮርቴስ በ1519 እ.ኤ.አ. ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ያውቁት ነበር። ቂጣውን በአገሬው የናዋትል ቋንቋ «ትላሽካሊ» ይሉታል። ቶርቲያ ያሉት ስፔኖቹ ናቸው።

የቱን ላስቀድም ካላችሁ፣ የሜክሲኮውን እላለሁ። አሜሪካ ለምትኖሩማ ጥያቄም የለውም፤ ታኮና ኬሳዲያ የሚባሉት የሜክሲኮ ምግቦች በእሱ ነው የሚሠሩት። ለጾመኛም የበቆሎው ይሻላል። ከስንዴ የሚሠራው ቶርቲያ ግን አንዳንዴ የአሳማ ስብ ስለሚገባበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉዞአችሁ ወደ ስፔን ከሆነ የእንቁላሉን አስቀድሙ። «ኡን ፒንቾ ዴ ቶርቲያ» ብትሉ አንድ ቁራጭ ይቀርብላችኋል፣ ብዙ ጊዜም ከዳቦ ጋር።