ብሬከር ሳጥኑ ሞልቶ ድራየር ለመጨመር፦ ታንደም፣ ሳብ ፓኔል፣ ሂት ፓምፕ ወይስ ፓኔሉን መቀየር?

ድራየር (የልብስ ማድረቂያ ማሽን) ልትገዙ አስባችሁ ብሬከር ሳጥኑን ስትከፍቱት ባዶ ቦታ ከሌለ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ "ፓኔሉ (ሳጥኑ ራሱ) ይቀየር" ነው የሚላችሁ። እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የሞላው ቦታው ነው ወይስ አምፔሩ የሚለውን ለዩ። የማወራው እንደ አሜሪካ 120/240 ቮልት ስለሚገባባቸው ቤቶች ነው።

ቦታ ማለት ብሬከር የሚሰካበት ነው፣ አምፔር ደግሞ ቤቱ ባንዴ መሳብ የሚችለው። ባለ 200 አምፔር ቤት ሳጥኑ ጢም ብሎ ሞልቶም ኃይል ሊተርፈው ይችላል፣ ባለ 100 አምፔሩ ግን ምድጃውም የውሃ ማሞቂያውም በኤሌክትሪክ ከሆነ ባዶ ቦታ እያለው እንኳ ላይችል ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን የሎድ ስሌት (ቤቱ ያሉት ዕቃዎች ስንት አምፔር እንደሚስቡ) ይስራላችሁ። የተለመደው ድራየር 240 ቮልት ላይ ባለ 30 አምፔር ድርብ ብሬከር ይፈልጋል፣ ሁለት ቦታ ይይዛል፣ 10 ቁጥር የመዳብ ገመድ ነው የሚሳብለት፣ አዲስ መስመር ከሆነም ባለ አራት ሽቦ መሆን አለበት።

አምፔሩ ካለ ርካሹ መንገድ ታንደም ብሬከር ነው። በአንድ ቦታ ሁለት ቀጭን ብሬከር ማለት ነው፣ ግን ድራየሩን እሱ ላይ አትሰኩትም ምክንያቱም ሁለቱም ከአንድ ፌዝ (ወደ ቤቱ ከሚገቡት ሁለት ባለ 120 ቮልት መስመሮች ከአንዱ) ስለሚወስዱ 240 አይሰጣችሁም፣ የመብራትና የሶኬት መስመሮችን አጠጋግታችሁ ለድራየሩ ሁለት ቦታ ታስለቅቁበታላችሁ እንጂ። የፓኔሉ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ታንደም የት የት እንደሚፈቀድ ይናገራል፣ ካልፈቀደ በቃ አይሆንም። ሌላው የሚያስፈራኝ ደግሞ ኒውትራል (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) የሚጋሩ ሁለት መስመሮችን አንድ ታንደም ላይ ማድረግ ነው፣ የሁለቱ ከረንት ኒውትራሉ ላይ ተደምሮ ሽቦው ይግላል፣ ብሬከሩ ግን ምንም ላያውቅ ይችላል፣ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው።

ሳብ ፓኔል ዋጋው ከፍ ይላል፣ እኔ ግን አምፔር ላለው ቤት የምመርጠው እሱን ነው። ከዋናው ሳጥን ሁለት መስመር አውጥታችሁ እዚያ ባለ 60 አምፔር ብሬከር ይገባል፣ ከጎን የሚሰቀለው ትንሹ ሳጥን በሱ ይመገባል፣ የወጡት መስመሮችም ድራየሩም እዚያ ይገባሉ፣ ለነገም ቦታ ይተርፋል። ሳብ ፓኔል ውስጥ ኒውትራልና ግራውንድ (ለደህንነት የሚሳበው የመሬት ሽቦ) ለየብቻ መሆን አለባቸው፣ አንድ ላይ ያሰረ ሰው ካገኛችሁ ሥራውን አስቁሙት። ደግሞ ሳብ ፓኔል ቦታ እንጂ ኃይል አይጨምርም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አምፔሩ ካለቀስ? እኔ ብሆን ፓኔሉን ሳይሆን መጀመሪያ ድራየሩን ነው የምቀይረው። በ120 ቮልት የሚሠሩ ሂት ፓምፕ ድራየሮች አሉ፣ ተራ ሶኬት ይበቃቸዋል፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦም አይፈልጉም፣ ሙቀቱን መልሰው ስለሚጠቀሙበት የሚበሉት ኃይል በግልጽ ያንሳል። መግዣቸው ግን ይወደዳል፣ ልብስ ለማድረቅም ረዘም ያለ ሰዓት ይፈልጋሉ፣ ፊልተራቸው ካልጸዳ ደግሞ የባሰ ይዘገያሉ፣ በየቀኑ ክምር ልብስ ለሚያጥብ ቤተሰብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከማጠቢያ ማሽኑ ጋር አንድ መስመር ላይ ልታደርጉት ከሆነ የሁለቱንም አምፔር ከጀርባቸው አንብቡና ደምሩ፣ መስመሩ ከሚችለው እንዳይበልጥ። ጋዝ ቤት ውስጥ ከገባ የጋዝ ድራየርም 120 ቮልት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እሱ ግን ጭስ ማውጫ ቱቦ የግድ ነው።

ከ100 ወደ 200 አምፔር መቀየር ከሁሉም ውድ ነው፣ ፈቃድ አለው፣ መብራት ኃይሉ መጥቶ መስመሩን ማቋረጥ አለበት፣ አንዳንዴ ከቆጣሪው በላይ ያለው ገመድም አብሮ ይቀየራል። ለአንድ ድራየር ብላችሁ አትግቡበት። ግን ፓኔሉ አርጅቶ ከዛገ ወይ ብሬከሮቹ የመቃጠል ምልክት ካላቸው፣ ወይ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀርም ልታስገቡ ካሰባችሁ ያኔ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አሠሩት።