አለርጂ ላለበት ልጄ ውሻ ላስመረጠችን ሐኪም

ልጃችሁ «ውሻ ግዙልኝ» እያለ ቀን ከሌት የሚነዘንዛችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ አለርጂ ያለበት ሰው ያለ ወላጆች፣ ይሄ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። አንዲት የእንስሳት ሐኪም ልጠቁማችሁ። እግረ መንገዴንም በአደባባይ ላመስግናት። ፊቷ ስቆም እንባዬ እየቀደመኝ በቅጡ አመስግኛት አላውቅም።

በመጀመሪያ ግን ትንሽ ልማረር፤ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

ልጄ የውሻ አለርጂ አለበት። ውሻ ያለበት ቤት ከገባ ዓይኑ ይቀላል፣ ያስነጥሰዋል፣ ሲብስበት ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ይህንን ሁሉ ለውሻ ሻጩ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። «አይዞሽ፣ ይሄ ዘር አለርጂ የሚባል ነገር አያስነሳም» አለኝ። ጸጉሩ ስለማይረግፍ ነው አለ። ኦባማን ሳይቀር ጠቀሰልኝ። የኦባማው እውነት ነው፤ አንዷ ልጃቸው አለርጂ ስላለባት እ.ኤ.አ. በ2009 ዋይት ሐውስ የገባው ውሻቸው ቦ፣ ጸጉሩ የተጠቀለለው የፖርቹጋል ዝርያ ነበር። ሻጩ ደግሞ አፈ ቅቤ ነው። ዋጋውን ሰቀለው፤ እኛም ለልጅ ጤና ነው ብለን ከፈልን።

ብዙም ሳይቆይ ሌሊት ልጄን ትንፋሽ አጠረውና ሐኪም ቤት ይዘነው ሮጥን። ቡችላው ተመለሰ። ገንዘቡ አልተመለሰም። ሰውየው መጀመሪያ «ቤታችሁ አቧራ ይኖረው ይሆናል» አለ፤ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። «አታካብዱ፣ ልጁ ይለምደዋል» ያለን ባለሙያ ነኝ ባይም አጋጥሞናል። ይለምደዋል! ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ምኑን ነው የሚለምደው?

ከሁሉ የከፋው ግን የልጄ ነገር ነው። «በእኔ ምክንያት ተባረረ» ብሎ ተቀመጠ። ያ ሁሉ የውሻ ወሬው ቆመ።

ወደዚህች ሐኪም የላከችን እህቴ ናት። ሌላ ውሻ ፍለጋ አልሄድንም። ቁርጡን ትንገረንና ይውጣልን ብለን ነው። ታሪኩን ጀምሬ ገና መሃል ላይ ሳልደርስ ወንበሯን ወደ ልጄ አዞረች። «ቡችላውን ያባረርከው አንተ አይደለህም። ማጣራት የነበረበት ትልቅ ሰው ሳያጣራ ሸጠው። አንተ ታመምክ እንጂ አላጠፋህም» አለችው። ልጄ ቀና ብሎ «አሁን የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቃት። አልሳቀችበትም፣ በሆነ ነገርም አልሸነገለችውም። እዚያው ስልኳን አንስታ ሻጩ ጋ ደወለች። ለእኔ የማያነሳው ሰውዬ ለሐኪም አነሳላችሁ! ቡችላው ግቢ ያለው ሌላ ቤተሰብ ጋ መግባቱን ጠይቃ፣ አረጋግጣ፣ ለልጄ ነገረችው። የዚያን ቀን ልጄ ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ሲያወራ ነበር። እኔ ለዚህች ደቂቃ ብቻ ዕድሜ ልኬን ባመሰግናት አይበዛባትም።

ከዚያ እስከዛሬ ማንም ያልነገረንን ነገረችን። አለርጂ የሚያስነሳው ጸጉሩ አይደለም። በምራቁ፣ በሽንቱና በፎረፎሩ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ጸጉሩ የማይረግፍ ውሻም ምራቅ አለው። ጨርሶ አለርጂ የማያስነሳ ዘር የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ውሻ ያለባቸውን ከ170 በላይ ቤቶች አቧራ መርምሮ፣ «ለአለርጂ ይስማማሉ» በሚባሉት ዘሮችና በሌሎቹ መካከል ልዩነት አላገኘም አለችን። ስለዚህ የዘር ስም ተዉ፣ የምትመርጡት ያንን አንዱን ውሻ ነው፣ እሱንም ከልጁ ጋር አገናኝታችሁ ነው አለች። ቢያንስ አንድ ሰው ይህንን ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ!

እሷ ግን በምክር አላበቃችም። ለአለርጂ ሐኪሙ ደብዳቤ ጽፋ፣ ልጄን የሚያስቸግረው የትኛው የውሻ ፕሮቲን እንደሆነ የሚለይ ረቀቅ ያለ የደም ምርመራ እንዲታዘዝ ጠየቀች። የፕሮቲኑ ስም ፊደልና ቁጥር ነው፤ ደጋግማ አስረድታኝ እስካሁን አልያዝኩትም። የገባኝ ይሄ ነው፦ ልጄን የሚያስቸግረው ወንድ ውሻ ፕሮስቴት በሚባለው የወንድ ዕጢው ውስጥ የሚያመነጨው ፕሮቲን ብቻ ነው። ሴቷ ይህ የላትም። ያን ሁሉ ዘመን ውሻን በጠቅላላ ስንፈራ፣ ለካ ወንዱን ነው! አደራ፣ ይህንን አንብባችሁ ሳትመረመሩ ሴት ውሻ እንዳትገዙ። ብዙ ሰው የሚያስቸግረው ሴቷም ወንዱም ያላቸው ሌላው ፕሮቲን ነው።

ውጤቱ ከመጣ በኋላም አላስቸኮለችንም። የተጣሉ ውሾች መጠለያ ውስጥ ያለች አንዲት ትልቅ ውሻ ጋ እየተመላለስን ልጄ እንዲዳብሳት፣ እንድትልሰው አደረገች። ይህም በአለርጂ ሐኪሙ ፈቃድ፣ መድኃኒቱ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ነው። ደረቱ ጸጥ። ዓይኑ ነጭ። እኔ ነበርኩ የምንቀጠቀጠው።

አሁን ውሻዋ ቤታችን ናት። ዘሯ አይታወቅም፣ አንድ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ የተኛ ነው፣ ከዚያ «ልዩ ዘር» ከተባለው ዋጋ ጋር አይወዳደርም ያወጣነው። መኝታ ቤት አትገባም፣ ቶሎ ቶሎ ትታጠባለች። ባሌ እንኳን፣ ውሻ አልወድም ባዩ፣ በድብቅ ሲያጎርሳት ይዤዋለሁ።

ዶክተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የወለድሻቸው ይባረኩ። እናንተ ደግሞ ሂዱ ወደ እሷ፣ ሂዱ ነው የምላችሁ። ገንዘባችሁን ለአፈ ቅቤ ከማስረከባችሁ በፊት ሂዱ። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ራሷ ስላልፈለገች ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻዋን እልካለሁ። ወረፋ ስላላት አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእናንተ ይልቅ የምታናግረው እሱን ነው።