በጨው የሚታደስ የውሃ ማለስለሻ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የለወጠውና ያልለወጠው

የቤታችን የቧንቧ ውሃ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር 300 ሚሊግራም ገደማ ጠጣርነት (የሟሟ የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን) አለው። በተለመደው አመዳደብ ከ180 በላይ የሆነ ሁሉ በጣም ጠጣር ስለሚባል፣ የውሃ ማፍያው ውስጡን ነጭ ድንጋይ መልበሱም ሆነ የሻወሩ ቀዳዳዎች መደፈናቸው የሚያስገርም አልነበረም። በዋናው መስመር ላይ 20 ሊትር ሬዚን (እንደ ፕላስቲክ ያሉ ጥቃቅን እንክብሎች) የሚይዝ ማለስለሻ ካስገጠምን ወራት ስላለፉ፣ አሁን የምሰጠው አስተያየት ከመጀመሪያው ሳምንት ደስታ የራቀ ነው።

መሣሪያው ውሃን እንደ ፊልተር አያጣራም። በታንኩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የሬዚን እንክብሎች ሶዲየም ይዘው ይቆዩና፣ ውሃው በመካከላቸው ሲያልፍ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አስቀርተው በምትኩ ሶዲየሙን ይለቃሉ፤ እንክብሎቹ ሲሞሉ ደግሞ በጨው ውሃ ይታጠቡና ያስቀሩት ሁሉ በፍሳሽ መስመር ይወጣል። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ጠቅላላ ማዕድን የሚለካው ርካሽ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ከመሣሪያው በፊትና በኋላ ተቀራራቢ ቁጥር የሚያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን ያላወቀ ገዢ የተታለለ ሊመስለው ይችላል። ማመን የሚገባው ጠጣርነትን ለይቶ የሚለካውን የጠብታ መመርመሪያ ነው። በእኔ መመርመሪያ ጠጣሩ ውሃ መጀመሪያ ቀይ ወይን ጠጅ መልክ ይይዝና ብዙ ጠብታ ከተጨመረበት በኋላ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ከማለስለሻው በኋላ የተቀዳው ግን ገና ከመጀመሪያው ጠብታ ሰማያዊ ይሆናል።

ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ውሃ በሚሞቅበት ቦታ ነው። በጠጣር ውሃ ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቆ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ ከአብዛኞቹ ጨዎች በተቃራኒ ውሃው በሞቀ ቁጥር የመሟሟት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ አብልጦ የሚጋገረው በጣም በሚግለው የማሞቂያ ብረት ላይ ነው። መሣሪያው ሲገጠም በሲትሪክ አሲድ አጽድተን የጀመርነው ማፍያ እስካሁን የታችኛው ብረቱ ይታያል፤ ቀድሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሻካራ ነጭ ንጣፍ ይለብስ፣ ሲቀዳም ቅርፊቱ ብርጭቆ ውስጥ ይወርድ ነበር።

የቦይለሩ ነገር ግን ሌላ ነው። ውሃ ሲያሞቅ የሚያሰማው የመንጎድጎድና የመንጣጣት ድምፅ መሣሪያው ከተገጠመ በኋላም አልቆመም። ድምፁ የሚመጣው በድንጋዩ ሥር የታፈነው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ነውና፣ የለሰለሰ ውሃ አዲስ ድንጋይ እንዳይጨመር ቢያደርግም ለዓመታት የተጋገረውን በአጭር ጊዜ ጠርጎ አያወጣም። ባለሙያ ፈትቶ የታችኛውን ክፍል ሲያጸዳው እንደ ሰባራ ገል ያለ ቅርፊት ወጣ፤ ድምፁ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ማለስለሻ የሚያስገጥም ሰው አሮጌ ቦይለሩን በዚያው ሰሞን ቢያስጸዳ የተሻለ ነው እላለሁ።

በልብስ ማጠቢያው በኩል የመጀመሪያው ምልክት የአረፋ መብዛት ነበር። ካልሲየም ከሳሙና ጋር ተጣምሮ የማይሟሟ ዝቃጭ ስለሚፈጥር፣ በጠጣር ውሃ ከሚገባው ሳሙና ከፊሉ ያለ ሥራ ይባክናል፤ አሁን በማሸጊያው ላይ ለለስላሳ ውሃ የተጻፈውን አነስተኛ መጠን እንጠቀማለን፣ ፎጣዎቹም ከደረቁ በኋላ እንደ ቀድሞው አይሻክሩም። በገላ ላይ ግን ውሃው የሚያንሸራትትና ሳሙናው ያልለቀቀ የሚመስል ስሜት አለው፤ እኔ ለምጄዋለሁ፣ በቤታችን ያልወደደውም አለ።

ነጠብጣብ ጨርሶ ይጠፋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል። ጥቁር ቧንቧ ላይ የደረቀ ጠብታ አሁንም ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ልዩነቱ በእርጥብ ጨርቅ በአንድ ጊዜ መነሳቱ ነው። ለእንፋሎት ካውያም የለሰለሰ ውሃ ማዕድን በሌለው የተጣራ ውሃ ምትክ የሚገባ አይደለም፤ ሶዲየሙ በውስጡ ስላለ ዝቃጭ ይተዋል፣ አንዳንድ የካውያ መመሪያም በግልጽ ይከለክለዋል።

ለመጠጥ የሚሆነውን የወጥ ቤት ቀዝቃዛ ቧንቧ ከማለስለሻው ውጭ አስቀርተነዋል። በእኛ ውሃ ልክ ልውውጡ በሊትር 140 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይጨምራል፤ ይህ ለጤነኛ ሰው ብዙ ባይሆንም፣ ጨው እንዲቀንስ በሐኪም ለታዘዘና ለሕፃን ወተት ማዘጋጃ ያልለሰለሰው ይሻላል። ገጣሚው ይህን ሳይጠየቅ ላያነሳ ስለሚችል አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

እንክብካቤው ቀላል ቢሆንም አይረሳም። በቀን 500 ሊትር የሚጠቀም ቤት በእኛ ውሃ ልክ ሬዚኑን በቀን 150 ግራም ያህል ጠጣርነት ያስይዘዋል፤ አንድ ሊትር ሬዚን 50 ግራም ገደማ፣ 20 ሊትሩም አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚይዝ፣ ሳምንት ሊሞላ ሲቃረብ መታደስ ይኖርበታል። በእያንዳንዱ እድሳት 2 ኪሎ ያህል ጨውና መቶ ሊትር ገደማ ውሃ ይሄዳል፤ ውሃ በቁጠባ ለሚጠቀም ቤት ትልቁ ቅሬታ ይህ ይመስለኛል። በጊዜ ሳይሆን ባለፈው ውሃ መጠን የሚታደሰውን ዓይነት መምረጥ ብክነቱን ይቀንሳል፣ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰሞን ያለ ጥቅም አይታጠብምና። የጨው ሣጥኑንም አልፎ አልፎ በእንጨት መነካካት ይገባል፤ ጨው ከላይ ጠጥሮ ቅርፊት ከሠራ ሥሩ ባዶ ይቀራል፣ ሣጥኑ የሞላ እየመሰለ ሬዚኑ ሳይታደስ ጠጣር ውሃ ወደ ቤት መግባት ይጀምራል። ይህን ቀድሞ የሚያሳውቀው ያው የጠብታ መመርመሪያው ስለሆነ፣ ጨው በጨመርን ቁጥር ውሃውን እንለካዋለን።