ለጉባኤ ኮምቦልቻ የምትመጡ፣ የአልጋ ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ጠዋት ነው፤ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ከሰሉ ገና አልተያያዘም። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ በተካሄደ የሦስት ቀን የቴክኖሎጂ ጉባኤ ተገኝቼ ነበር። ጉባኤውን አመሰግናለሁ፤ ያረፍኩበትን ሆቴል ግን ብረግም እንጂ አልመርቅም። ስሙን አልጠራም፤ በሻይ ሰዓት ካወራኋቸው ከውጭ የመጡ ሰዎች እንደተረዳሁት ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ለ19 ዓመት የኖርኩት ሐኖቨር ነው። ሴቢት የሚባለው ትልቁ የኮምፒውተር ኤግዚቢሽን የሚካሄደው እዚያው ከተማ ነበር፤ በ2001 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ800 ሺህ በላይ ሰው ጎብኝቶታል፣ በ2018 ቆመ። በዚያ ሰሞን ትራሙ ክራባት ባሰሩ ሰዎች ጢም ይል ነበር። እኔ ያን ጊዜ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አብሬያቸው ተሳፍሬ ከእነሱ በፊት እወርዳለሁ። በኋላ የሕሙማን መረጃ ክፍል ገባሁ፣ ኮምፒውተሩም እንጀራዬ ሆነ፤ ወደዚያ ኤግዚቢሽን ግን አንድም ቀን ዘልቄ አላውቅም። ሐኖቨር ተቀምጬ ያላየሁትን ኮምቦልቻ አሳየችኝ። ሰበቡ የእህቴ ልጅ ናት፤ ሶፍትዌር ተምራ ዘንድሮ ትመረቃለች፣ በጉባኤው ጥናት ታቀርባለች ተባለ።

ከደሴ የተነሣሁት በሚኒባስ ነው። ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ነውና። ስለ ታሪፉም ስለ ሾፌሩም የማማርረው የለኝም።

ምዝገባው ላይ ስሜን በላቲን ፊደል አሳስተው አትመውት ጠበቀኝ። ጀርመን ቢሆን ኢሜይል ጻፊ፣ ተሰለፊ እባል ነበር። እዚህ ግን አንድ በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ካርዱን ገልብጦ በጀርባው በጥቁር ማርከር፣ በአማርኛ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ስሜን ጻፈልኝና «አብሽሩ እትዬ፣ ይኼኛው አይሳሳትም» አለኝ። ሦስቱንም ቀን ካርዱን ገልብጬ አንጠለጠልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉባኤ ለሚሄድ ሰው የምነግረው አንድ ነገር አለ። በአንድ ሰዓት አራት አዳራሽ ውስጥ አራት ንግግር ይካሄዳል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ከአንዱ ወደ አንዱ ስሮጥ ዋልኩ፤ የሁሉንም መግቢያ ሰማሁ፣ የአንዱንም መጨረሻ አላየሁም። ማታ ለእህቴ ልጅ ብነግራት ሳቀች። «በቀን ሁለት ብቻ ምረጪ አክስቴ፤ የቀረውን በሻይ ሰዓት ተናጋሪውን ራሱን ይዘሽ ጠይቂው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከመድረክ የማይነገረው ነገር ሁሉ የሚነገረው ሳምቡሳው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ዋይፋዩ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ሞተ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «አገራችን ኢንተርኔት መቼ አላት» ብሎ ማማረር ሲጀምር ገመድ የሚዘረጋ ወጣት ቴክኒሽያን ቆም ብሎ አስረዳው፦ ወደ አዳራሹ የሚገባው መስመር በቂ ነው፤ ጉዳዩ በአንድ የሬዲዮ ቻናል ላይ ያሉ ስልኮች ሁሉ ተራ በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ መናገር ስለማይችሉ ነው። ስልኩ በበዛ ቁጥር ወረፋው ይረዝማል። ሰውየው ዝም አለ። እኔም አፈርኩ፤ በልቤ የእሱኑ እያልኩ ነበር።

የእህቴ ልጅ የቀረበችው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ነው። ርዕሷ አማርኛ በስልክና በኮምፒውተር ላይ የሚከፍለው ዋጋ ነበር። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲሆን 160 ሆሄ ይይዛል፤ አንዲት የአማርኛ ፊደል ስትገባበት ግን መላው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። የአንድ መልእክት ቦታ 140 ባይት ነው (አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው)፤ የላቲኑ ሆሄ በሰባት ቢት ሲጠቀለል የእኛ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል። ስለዚህ 71ኛው ፊደል ላይ ስትደርሱ የሁለት መልእክት ሒሳብ ይቆጠርባችኋል። ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ ደግሞ የእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ባይት ሲሆን የግዕዙ ሦስት ነው። እኔ ለእናቴ ስንት ዓመት በአማርኛ ስጽፍ፣ ለምን ሒሳቤ ቶሎ እንደሚያልቅ አስቤው አላውቅም ነበር።

መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ብላ ልጅቷ አልቆመችም፤ በስልኳ መብራት ማስታወሻዋን እያየች ቀጠለች። ሲያልቅ አንድ ጡረታ የወጡ የሚመስሉ አዛውንት መምህር ተነሥተው «ልጄ፣ ግን እኛ ‘ሰላም’ን በሦስት ፊደል ስንጽፍ ላቲኑ አምስት ይፈጅበታል፤ ይህን አስበሽዋል?» አሏት። «አዎ አባባ፣ ስለዚህ ኪሳራችን ግማሽ አይሞላም፤ ግን ኪሳራ ነው» ብላ መለሰች። አዳራሹ አጨበጨበ። አለቀስኩ፤ መብራት ባለመኖሩ ማንም አላየኝም።

አሁን ወደ ሆቴሉ ልምጣ።

አልጋውን የያዘልኝ አዘጋጆቹን የሚያግዝ አንድ ልጅ ነበር። ከሆቴሉ ጋርም ራሴ በስልክ ተነጋግሬያለሁ፦ በአዳር 2,800 ብር፣ ቁርስን ጨምሮ። ስገባ ፓስፖርት ጠየቁኝ፤ ጀርመናዊ ነው። ቢጫ ካርዴንም፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ አብሬ አቀረብኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ካርዱን ገልብጣ አየችውና ሳትመዘግበው መለሰችልኝ። ያን ጊዜ መባነን ነበረብኝ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለው፣ አንሶላው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል፤ ይህን አልክድም።

በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ይዤ ወርጄ ሒሳብ ጠየቅሁ። እናቴ ምሳ ሠርታ እስከ ስድስት ሰዓት ድረሺ ብላኛለች። የመጣልኝ ወረቀት 180 ዶላር ይላል።

«ይህ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው እትዬ። የውጭ ዜጋ ዋጋ በአዳር 60 ዶላር ነው።»

በብር እንደተስማማሁ ነገርኳት። በስልክ ያነጋገረኝ ሰው ፈረቃው ማታ ነው አለች። ቢጫ ካርዴን እንደገና አወጣሁ። ይህ ካርድ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የወጣ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባኛል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራኛል። ቦሌ ላይ በሰላምታ ያሳለፈኝ ካርድ እዚህ፣ እትብቴ ከተቀበረበት የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ቦታ፣ አልጋ ማከራየት አቃተው። «ሲስተሙ ፓስፖርቱን ነው የሚያየው» አለችኝ። ሲስተሙ የተባለው በእርሳስ የተሰመረ ትልቅ መዝገብ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እስኪመጣ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅሁ። ሲመጣ በጣም ጨዋ ነው፤ ቡና ጋበዘኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፣ አባቴን በዝና እንደሚያውቃቸው ነገረኝ፣ ከዚያ «እህታችን፣ መሀል ላይ እንገናኝ» አለኝ። መሀሉ በአዳር 4,500 ብር ሆነ። ሐኖቨርም በኤግዚቢሽን ሰሞን አልጋ በእጥፍ ይሸጣል፤ ጀርመኖች ቅዱሳን አይደሉም። ግን ዋጋውን የሚነግሩኝ ከመግባቴ በፊት ነው እንጂ ሻንጣዬን ዘግቼ በር ላይ ስቆም አይደለም። የአባቴን ስም እያነሡም አያስከፍሉኝም።

የምሳው ሰዓት እየቀረበ ነበርና እሺ አልኩ። ካርድ ስሰጥ የካርድ ማሽኑ ኔትወርክ የለውም። ሁለት ቀን ሙሉ ጥሬ ገንዘብ ስለሚቀርበት ዘመን ስሰማ ሰንብቼ፣ ገንዘብ ይዤ መክፈል አቃተኝ። የእህቴን ልጅ ደወልኩላት፤ ከራሷ ቴሌብር ላከች። ገንዘቡ ከእሷ ወጥቷል፣ ማረጋገጫው በስልኳ ደርሷታል፤ ገንዘብ ያዡ ግን «እኛ ዘንድ መልእክቱ አልገባም» ብሎ ቁጭ። ፎቶውን አሳየሁት። «ፎቶ ይቀናበራል» አለኝ። መልእክቱ የገባው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። 13,500 ብር ከፈልኩ። በሰጡኝ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ግን 8,400 ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ገንዘብ ያዡን ቀና ብዬ ባየው ስልኩን እያየ ነበር።

ስለዚህ፦ ዋጋውን በብር፣ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ይጨምር አይጨምር ጠይቃችሁ፣ በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ተቀበሉ፤ ከ70 ፊደል ቢያልፍም ይለፍ። ቢጫ ካርድ ያላችሁ ስትገቡ በመዝገቡ ላይ ሲሰፍር በዓይናችሁ እዩ። ካልሆነ ደሴ እደሩና በየጠዋቱ በሚኒባስ ውረዱ።

እናቴ ስለ ገንዘቡ አልደነቃትም። እሷን ያስቆጣት ሌላ ነው። «እኔ እዚህ በቁሜ እያለሁ፣ አንቺ ልጅ፣ ሆቴል ምን ወሰደሽ?» ብላ ዶሮውን አቀረበችና ግማሽ ቀን አኮረፈችኝ።

በማግሥቱ ከሆቴሉ ተደወለ። የስልኬን ቻርጀር ረስቼዋለሁ፤ መጥተሽ ውሰጂ አሉኝ። በስንት እንደሚሰጡኝ ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በሚኒባስ እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው፣ ላኩልኝ። ከሰዓት ረዳቱ ራሱ ደወለልኝ፤ መናኸሪያ ስደርስ ቻርጀሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በላስቲኩ ላይ ስልክ ቁጥሬን ጽፎ፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ብር ዘረጋሁለት።

«ለአንድ ሽቦ?» አለኝና ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ ማለቱን ቀጠለ።